የአስተርጓሚው መቃብር

ግራዝማች በላይነህ ያን ጥያቄ የጠየቁኝ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ልጃቸውን ጽጌን እንዲድሩልኝ ሦስት ሽማግሌዎች ልኬያለሁ። በደንቡ እኔ እዚያ መገኘት አልነበረብኝም፤ ግራዝማች ግን «ልጁ ራሱ ይምጣና አባቶቹን ይቁጠርልኝ» ብለው አስጠሩኝ። ገብቼ እጅ ነሥቼ ቆምኩ።

«እስቲ ሰባት ቤት ቁጠር» አሉኝ።

በእናቴ ወገን ጀምሬ አምስት ያህል ስም ጠራሁ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «የአባትህን ነው የምልህ።»

«ተፈራ፣ ወልደ ሰንበት...» አልኩና ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።

«ወልደ ሰንበት ማን?»

በሃያ አራት ዓመቴ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ «ተፈራ ወልደ ሰንበት» እያልኩ ስፈርም፣ ከወልደ ሰንበት በስተኋላ ማን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። ግራዝማች አልተቆጡም። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ ጋብቻው እንደማይሆን፣ እሳቸውም ያላወቁትን ሰው ልጅ ዝም ብለው ከቤታቸው እንደማያስገቡ ረጋ ብለው አስረዱ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አጣርቼ እንድመለስ ተነግሮኝ ወጣሁ። ጾሙ ሊገባ አንድ ወር አልቀረውም።

ያን ጊዜ እኔ አዶላ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። ጣሊያን ከወጣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቢያልፍም ከአዶላ እስከ ነገሌ ድረስ ሐኪም የሚባል ሰው ስለሌለ አገሬው «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም አልጠላሁትም። ያደግኩት ይርጋለም ነው። እናቴ ልብስ እየሰፋች ብቻዋን አሳደገችኝ። ስለ አባቴ ስጠይቃት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ነገሌ ላይ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል በወባ ሞተ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከዚህ ከገፋኋት መርፌዋን ታነሣና ሥራዋን ትቀጥላለች። የሥልጠና ትምህርት ቤት ሳለሁ ሞተች። የሚጠየቅ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅኩና ማክሰኞ ሲነጋ ወደ ነገሌ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። መኪናው ጨው የጫነ ነው፤ ተሳፋሪው ጆንያው ላይ ተደርድሯል። እስከ ዋደራ ድረስ ጥዱ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞት ብርድ ነበር። ከዋደራ በኋላ ጥዱ እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ፣ ግራሩ እያጠረ መጣ። ሙቀቱም እንደዚያው። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርጄ እንቆራጠጣለሁ። ሾፌሩ «ዶክተር፣ የምትወልድ ሴት ትተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብሎ አሳቀብኝ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ምንም አላገኝም ብዬ ነው። የማገኘውን ግን አልፈራሁም ነበር።

ነገሌ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣዬን ሻይ ቤት አስቀምጬ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር መሪጌታ ኅሩይ የሚባሉ፣ አንድ ዓይናቸው ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የሙታን መዝገብ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛ፣ መዝገቡን ምስጥ በልቶታል። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የክርስትና ስም ብቻ ስለሆነ የሚታወቅበትን ስም ይዤ ከመጣሁ አላገኘውም።

«የማውቀው ወልደ ሰንበት የሚለውን ብቻ ነው፣ የኔታ» አልኳቸው።

«መጠሪያው?»

«መጠሪያውም እሱ ነው።»

በደህናው ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝና መዝገቡን ሊያመጡ ገቡ።

የዚያን ቀን እስኪመሽ፣ በማግስቱም እስከ ቀትር መዝገቡን ገጽ በገጽ አየሁ። ጠርዙ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ሳገላብጠው አፈር ይረግፋል። ዓይኔ ሲደክም ተነሥቼ በመቃብሩ መካከል እዞራለሁ። አብዛኛው መቃብር የድንጋይ ክምር ነው። ስም የተጻፈባቸው የሲሚንቶ መስቀሎች ከሃያ አይበልጡም፤ የባለሥልጣንና የነጋዴ መቃብር ናቸው። ባዶ እጄን ከመቀመጥ ብዬ ስማቸውን በክሊኒክ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ደስታ፣ አየለ፣ ገብረ ማርያም፣ ወንድማገኝ... ለምን እንደጻፍኩ ያኔ ለራሴ አልነገርኩትም።

መዝገቡ ላይ አራት ወልደ ሰንበት አገኘሁ። አንዱ ሕፃን፣ አንዱ መነኩሴ፣ አንዱ ወታደር ነው። አራተኛው በቀይና በጥቁር ቀለም ጥርት ብሎ ተጽፏል፦ «ወልደ ሰንበት አስተርጓሚ። ያስቀበረው ወንድሙ ጎዳና ዱባ።»

መሪጌታን ጠርቼ አሳየኋቸው። የጻፈው ሰው ተሳስቶ መሆን አለበት፣ ጎዳና ዱባ የቦረና ስም ነው፣ እንዴት የአባቴ ወንድም ይሆናል አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት የሚያልፉ ሴቶች ዘወር ብለው ሲያዩኝ ነው።

መሪጌታ መዝገቡን ከእጄ ወሰዱና ከደኑት። «የጻፈው መምህሬ ነበር፤ አይሳሳትም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ትናንት መጠሪያውም እሱ ነው ስትለኝ ጠርጥሬ ነበር። ሰው ሁሉ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ የክርስትና ስሙን ቄሱና ነፍስ አባቱ ናቸው የሚያውቁት። በክርስትና ስሙ ብቻ የሚጠራ ሰው ግን የመጀመሪያውን ስም የተወ ሰው ነው። ተጠምቆ የገባ ነው፣ ልጄ።»

ቁጭ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ተነሣሁ። መቀመጥም መቆምም አልሆነልኝም። መቃብሩን አሳዩኝ አልኩ።

መሪጌታ መቃብር ቆፋሪውን ጠሩት። ሁቃ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የነገሌ ልጅ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በስተምሥራቅ አጥሩ ጥግ ወስዶ አሳየኝ። ሌሎቹ መቃብሮች ወደ ምሥራቅ የረዘሙ የድንጋይ ክምሮች ናቸው። ይኼኛው ግን እንደ ቦረና መቃብር ክብ ነው፤ ድንጋዩ በጥንቃቄ ተደርድሮ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። አንድ ሣር እንኳን አልበቀለበትም።

«ማነው የሚያጸዳው?» አልኩት።

«ሴትዮ አለች» አለ ሁቃ። «ሁልጊዜ ዝናብ እንዳቆመ ትመጣለች። ድንጋይ ትደረድራለች፣ ትሄዳለች። እኔ ዝም ነው የምላት፤ ቄሶችም ዝም ይላሉ። ቱሜ ትባላለች። የጎዳና እህት ናት። ጎዳና እሱ ሞቷል።»

በማግስቱ ሐሙስ ገበያ ነበር። ቱሜ ወተት ይዛ ትመጣለች ስለተባልኩ ከጠዋት ጀምሮ ወተት ተራ ቆምኩ። የቦረና ሴቶች የወተት ዕቃቸውን ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ወተት ባለቀ ቁጥር አንዷ ተነሥታ ትሄዳለች፣ ሌላ ትተካለች። እያንዳንዷን አሮጊት ጠጋ ብዬ አያለሁ። እሷ ግን አልመጣችም። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሁቃ መጣና ዓይኗን ስላመማት መንደር ቀርታለች ብለውኛል አለ። የመድኃኒት ቦርሳዬን አንሥቼ ተከተልኩት።

ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ሁቃ በመንገድ ሁለት ጊዜ ብቻ ተናገረ። አንዴ የውሃ ጉድጓዱን መንገድ አሳየኝ። አንዴ ደግሞ ዞሮ አየኝና «አረማመድህ የጎዳና ዱባ ነው» አለ። ልመለስ አሰብኩ። ብመለስ ማንም አያውቅም ነበር።

መንደሩ በእሾህ አጥር የተከበቡ ስድስት ጎጆዎች ናቸው። ሁቃ ከበሩ ቆሞ «ነጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ብሎ በኦሮምኛ ተጣራ፤ ከውስጥ «ነጋ» የሚል የሴት ድምፅ መለሰ። ቱሜ ከጎጆዋ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ቀልተው አብጠዋል። ሁቃ በኦሮምኛ ብዙ ሳያወራ እንግዳ ከአዶላ ይዤ መጥቻለሁ አላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ከኦሮምኛ የማውቀው ለሥራዬ የሚሆነኝን ብቻ ነበር። «የት ያምሃል፣ ስንት ቀን ሆነህ፣ ትንፋሽ ሳብ፣ ዋጠው» ከማለት አላልፍም። አባቴ በሁለት ቋንቋ እንጀራውን የበላ ሰው ነው፤ እኔ ለእህቱ የምለው ቃል አጣሁ። ስለዚህ ያለኝን አልኩ። ከፊቷ በርከክ ብዬ «ኤሳ ሲ ዱኩባ?» አልኳት። የት ነው የሚያምሽ ማለት ነው።

ዓይኗን አላሳየችኝም። እጇን ዘርግታ ፊቴን ያዘች። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁቃ ወደ እኔ ዞሮ ተረጎመው።

«የጃተኒ ልጅ ነህ ወይ ትልሃለች።»

ጃተኒ ማነው ብዬ አልጠየቅኩም። አውቄው ነበር።

የቀረውን ሁቃ እየተረጎመልኝ በዝግታ ሰማሁ። አባቴ ጃተኒ ዱባ ይባላል። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከብቶቻቸው በበሽታ አልቀው ቤቱ ባዶ ሲቀር፣ ነገሌ አንድ ሹም ቤት በቅሎ እንዲጠብቅ ገባ። እዚያ አማርኛ ተማረ፣ ፊደል ቆጠረ፣ ክርስትና ተነሣ። አድጎ አስተርጓሚ ሲሆን ዘመዶቹ ፍርድ ቤት በቀረቡ ቁጥር የሚናገርላቸው እሱ ነበር። ስሙን ቢለውጥም መንደሩን አልተወም። ሲሞት ወንድሙ ጎዳና አስከሬኑን ይዞ ወደዚህ ሊመጣ ይችል ነበር፤ ግን ወንድሜ የመረጠው ያንን ነው ብሎ ቤተ ክርስቲያን አስቀበረው።

እናቴንም ታውቃታለች። አራስ ሆና፣ እኔን አዝላ፣ እዚሁ ግቢ መጥታለች። አያቴ አናቴን ቅቤ ቀብታኛለች።

«ታዲያ እናቴ ለምን...» ብዬ ጀመርኩ። ሁቃ ጥያቄውን በራሱ መንገድ ጨርሶ ጠየቃት።

ቱሜ መሬት መሬቱን እያየች ነገረችን። ጃተኒ በተቀበረ በሳምንቱ ጎዳና ወደ እናቴ ሄዶ ልጁ የእኛ ነው፣ ከአባቱ ወገን ይደግ፣ አንቺም ከፈለግሽ ነይ ብሏት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው። በጭነት መኪና ሄዳለች። ጎዳና እስከ ቦሬ ድረስ በእግሩ እየጠየቀ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ወንድማችን የት እንደተኛ እናውቃለን» አለች ቱሜ። «አንተን ግን እናልቅስልህ ወይስ እንጠብቅህ፣ የሚነግረን አጣን።»

ተነሥቼ ከግቢው ወጣሁ። አጥሩን ይዤ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ቆየሁ። በእናቴ ተናደድኩ፤ መሞቷ ደግሞ ንዴቴን አባሰው። ይርጋለም አንዷ ክፍላችን ውስጥ መርፌዋን ይዛ ያጎነበሰችው እናቴ ታየችኝ። ለካ ዝም ያለችው የምትነግረኝ አጥታ ሳይሆን ከነገረችኝ እንዳልሄድባት ፈርታ ኖሯል። ይህን ሳስብ ንዴቴ አልጠፋም፤ ግን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

ተመልሼ የቱሜን ዓይን አጠብኩ፣ ቅባት አደረግኩላት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ የአባቶቼን ስም ንገሪኝ አልኳት። ጀርባዋን አቅንታ ተቀመጠች። ጃተኒ፣ ዱባ፣ ጉዮ፣ ሊበን፣ ዋቆ፣ ጃርሶ፣ ዲዳ። አንዱን ከሌላው ሳታምታታ፣ ማን የት ከብቱን ውሃ እንዳጠጣ፣ ማን በየት በኩል እንደሞተ እየጨመረች ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ በቃኝ አልኩ። ሁቃ ተረጎመላት። እሷ አላቆመችም። አሥራ አንድ አደረሰችኝ።

ቅዳሜ ወደ አዶላ ስመለስ ደብተሬ ውስጥ ሁለት ገጽ ነበር። በአንዱ ከመቃብር መስቀሎች የገለበጥኳቸው ስሞች አሉ፤ በሌላው ቱሜ የነገረችኝ። ጆንያው ላይ ተቀምጬ አንዱን ገልጬ እዘጋለሁ፣ ሌላውን እገልጣለሁ። እነዚያን የመቃብር ስሞች ለምን እንደጻፍኩ አሁን ገባኝ። ሌላ ባጣ ልዋሽባቸው ነበር። ዋደራን ስናልፍ የመስቀሎቹን ስም በአፌ ለማጥናት ሞከርኩ፤ ሦስተኛው ላይ እየጠፋብኝ እንደገና እጀምራለሁ። የቱሜን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ ሁሉንም አስታውሳቸው ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ግራዝማች ፊት ቆምኩ። «ተፈራ፣ ጃተኒ፣ ዱባ፣ ጉዮ፣ ሊበን፣ ዋቆ፣ ጃርሶ፣ ዲዳ» ብዬ ሳልቆም ጠራሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳሉ። ግራዝማች ወልደ ሰንበትስ የት ገባ አሉኝ። ያው ጃተኒ መሆኑን፣ ክርስቲያን ሆኖ መሞቱን፣ መቃብሩም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑን ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹን ውጭ እንዲጠብቁ ጠይቀው ሁለታችን ብቻ ቀረን።

እኝህን ሰው ክፉ አድርጌ ልሥልላችሁ አልፈልግም፤ በራሳቸው መንገድ ደግ ናቸው። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ዝምድና እንደሌለን ግልጽ ነው» አሉኝ። «ልጄን እሰጥሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። በሠርጉ ዕለት ዘመዶቼ ከያሉበት ይመጣሉ፤ የማን ልጅ ነህ ቢሉህ ሌላ ስም ጥራላቸው። ከፈለግህ እኔው ስም አውስሃለሁ። ማን ነገሌ ወርዶ ያጣራል?»

ሦስት ቀን ስጡኝ ብዬ ወጣሁ።

ጽጌ ስልክ ቤት ትሠራ ነበር። የምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ከነገሌ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ቱሜ ስነግራት አለቀሰች። የአባቷን ነገር ስነግራት ግን ዕንባዋን ጠረገችና «ታዲያ በላቸው» አለችኝ። «አንድ ቀን ነው። ያለ እነዚህ ስሞች ሃያ አራት ዓመት ኖረህ የለም እንዴ? አንድ ቀን ብትጨምርበት ምን ትሆናለህ?»

ልክ ነበረች። አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ያቺ አሮጊት «እናልቅስልህ ወይስ እንጠብቅህ» ስትል ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ያንን ቀን ማለፍ አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ለግራዝማች አልችልም አልኳቸው። ጾሙ ገባ። ጽጌ በሚቀጥለው ዓመት ጥር ዲላ ለሚኖር ሰው ተዳረች። በሠርጓ ዕለት ክሊኒክ ቁስል ሳጥብ ዋልኩ።

ዝውውር ጠይቄ ነገሌ ገባሁ። ነገሌ ገብቼ ደስተኛ ሆንኩ ብላችሁ እዋሻለሁ። ለከተማው ሰው ቦረናው ድሬሰር፣ ለመንደሩ ሰው አማራው የጃተኒ ልጅ ሆንኩ። ኦሮምኛውን በሃያ አምስት ዓመቴ እንደ ሕፃን ተማርኩት፤ ዛሬም ስናገረው ሰው ፈገግ ይላል። ቆይቼ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ የልጆቼ እናት ስንት አባት እንደምቆጥር አልጠየቀችኝም። እረፍት የሚባለው ነገር ግን ከዚያች ሳምንት ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰልኝም። የእናቴን መቃብር ይርጋለም ስሳለም እንኳ ግማሽ ልቤ ይወቅሳታል፣ ግማሹ ይቅርታ ይጠይቃታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወላጅ በሕይወት ያላችሁ ከሆነ፣ ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ዝምታቸው ውስጥ እፍረት ብቻ አይደለም ያለው። ወላጅ የሞተባችሁ ደግሞ መዝገብ ፈልጉ፤ ምስጥ ሁሉንም አይጨርስም። የምታገኙት ግን የምትፈልጉትን ላይሆን እንደሚችል አውቃችሁ ሂዱ።

ነገሌ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ለአባቴ የስም ድንጋይ አስጠረብኩ። ጠራቢው የቱን ስም ልጻፍ ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለቱንም አልኩት። መሪጌታ ኅሩይ ሲያቅማሙ ቆዩና፣ በኋላ ወልደ ሰንበት የሚለው ከላይ ይሁን ብለው ፈቀዱ። ዝናቡ ሲያቆም ቱሜ መጣች። የክቡን ድንጋይ ሳንነካ አዲሱን ድንጋይ ከራስጌው ተከልነው። ማንበብ ስለማትችል የቱ ጃተኒ እንደሆነ አሳየኋት። መዳፏን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወደ ላይኛው አመለከተችና ያ ምንድን ነው አለች። ከተማ ውስጥ የሚጠራበት ስም ነው አልኳት፤ በራሴ ኦሮምኛ፣ ያለ አስተርጓሚ።

ጥቂት አሰበች።

«አሁን ቢጠሩት» አለችኝ፣ «በየትኛው ነው አቤት የሚለው?»

የማውቀው መስሎኝ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩትና ወድቃ የነበረች አንዲት ድንጋይ አንሥቼ ሰጠኋት፤ እሷም ቦታዋ ላይ አደረገቻት።